ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ጉልበቱን የሚያሳየው። የ1980 ዓ.ም. ጳጉሜ ስትገባ ሰማዩ ገና ያለውን ውሃ አልጨረሰም ነበር። ከንፋስ ስልክ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የመለዋወጫ መጋዘን ግቢ ጭቃው እግር ይውጣል። የእህል ማመላለሻ መኪናዎች ጎማና የፍሬን ሸራ እየጠበቁ በተርታ ቆመዋል። በዚያ መሀል ጸሐፊዋ ገዲሴ ለሜሳ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ትመጣለች።

ጫማው አዲስ ሆኖባት እንዳይመስላችሁ። አምሐ ፊት በጭቃ ጫማ ላለመቅረብ ነው! እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የኮምፒዩተር ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ ዝላይዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድንጋይ እንደሚያያት አታውቅም ነበር። ወይም የማታውቅ ትመስል ነበር፤ ይሄን እሷና ልቧ ይወቁት።

አምሐ መልከ መልካም ነው ብዬ ልዋሽ? ጆሮው ትልቅ ነው። ሹራቡ ክርኑ ላይ አልቋል። ሲያስብ እርሳስ ያኝካል። ፈረንጅ አገር ሶፊያ ከተማ ስድስት ዓመት ተምሮ የመጣ፣ ለመጋዘኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈ ሰው ነው፣ ግን ዓይኑን ሰብሮ ነው የሚሄደው። ያ ትልቅ ጆሮው ግን፣ እናንተዬ፣ ሰው የሚሰማ ጆሮ ነው! ስንት ቆንጆ ጆሮ ያለው ሰው አለ፣ ምንም የማይሰማ።

የተዋወቁት በጠብ ነው። ጠቡ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር ነበር።

ኮምፒዩተሩ ጥቅምት ላይ ሲመጣ ጸሐፊዎቹ «አለቃ ቱት» ብለው ስም አወጡለት። የሾፌሩን የዕቃ መጠየቂያ አይተው ቁጥሩንና ቀኑን ይመቱለታል፣ ማተሚያው የማውጫ ትእዛዝ ይተፋል፣ ሾፌሩም እሱን ይዞ ዕቃውን ይወስዳል። ከተሳሳቱ «ቱት!» ብሎ ይጮህና በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይጽፋል። በዚያም አይበቃው፣ የተሳሳተውን ሰው ስም ይዞ ማታ ለጓድ ቸኮል ያሳብቃል። ጓድ ቸኮል የመጋዘኑ የውይይት ክበብ ኃላፊ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የክበብ ኃላፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፣ ቤት ስትገቡ አባታችሁን ጠይቁ።

አንድ ቀን ታዲያ አለቃ ቱት ገዲሴን ደጋግሞ ጮኸባት። እሷም ተነስታ በመዳፏ ጀርባውን መታችው።

«ልክ አይደለም፣ ልክ አይደለም! ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? አፍ የለህም?»

«ምን እንዲልሽ ትፈልጊ ነበር?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ዞር ስትል አምሐ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን የለሜሳ ልጅ ምላስ ከፍርሃቷ ይቀድማል።

«እኔማ ጋሼ፣ ሰው መንገድ ጠፍቶት ቢጠይቅዎ ‹ጠፍተሃል!› ብለው ጮኸውበት ያልፋሉ? ‹ወደ ኋላ ተመለስ፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ በግራ ታጠፍ› ይሉታል እንጂ!»

አምሐ እርሳሱን ከአፉ አወጣ።

«ድገሚልኝ» አላት። ሊቀልድባት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ወረቀት እየፈለገ ነው!

ከዚያ ወዲህ እሷ ማሽኑ ማለት ያለበትን ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፋ የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ትለጥፋለች፤ እሱ ወስዶ፣ አሳጥሮ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይከተዋል። «የደከመ ሰው ረጅም አያነብም» ይላታል። «የተቆጡት ሰውም የሚያውቀው ይጠፋዋል። ስለዚህ ምን እንደሆነ እንነግረዋለን፣ የቱ ጋ እንደሆነ እናሳየዋለን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ እንነግረዋለን። አንሰድበውም።» እሷ «አንዷን ቁጥር የት ጣሏት?» ብላ የጻፈችውን «የዕቃው ቁጥር ስድስት አሃዝ ነው፤ አንድ ይጎድላል፤ ወረቀቱን ይመልከቱ» አድርጎ መለሰላት። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የሚጽፈው። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነችው ጸሐፊ፣ እትዬ ተሾመች፣ መጀመሪያ ስታየው ሆዷን ይዛ ሳቀች፤

«አይ ጌታዬ! አማርኛችን ሱሪ ለብሶ መጣ!»

አንድ ከሰዓት ገዲሴ ሐሳቧ ሄዶ ምንም ሳትጽፍ ቁልፉን ተጫነችው። መስታወቱ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፤ «ምንም አልጻፉም። ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ።»

ልቧ ድው አለ። ለሷ ብቻ ነው የጻፈው? ተንኮሏ መጣና «እስቲ እትዬ፣ ይቺን ተጫኚልኝ» ብላ ተሾመችን አስነካቻት። ለተሾመችም ያው ወጣ፤ «እጠብቃለሁ።» ገዲሴ በግ እንደጠፋበት እረኛ ቀረች። ግን ቀና ስትል አምሐ ከጠረጴዛው ማዶ ያያታል፤ ጆሮው ከላይ እስከ ታች በርበሬ መስሏል። ለሁሉም ነው የተጻፈው፤ ሲጻፍ የታሰበችው ግን አንዲት ናት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ወደ ፉሪ በእግሯ ስትሄድ መንገዱ አጠራት።

*

ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ ወይዘሮ ምሳ ዕቃ ይዘው ከታክሲ ወረዱ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ናቸው፣ የአምሐ እናት፣ የመኳንንት ወገን። መካኒሳ አቦ ያለው ግቢያቸው ግማሹ ተወርሶ ለቀበሌ ገብቷል፤ ኩራታቸው ግን አልተወረሰም።

ገዲሴ ለዓመቱ ቆጠራ መጋዘን ስለተመደበች አቧራ ጠጥታ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ሳለች በር ላይ ተገናኙ።

«አንቺ ልጅ… የለሜሳ ልጅ አይደለሽም? የወተቱ ለሜሳ?»

«አዎ እማማ።»

«ወይ ጊዜ! ከኋላ በር እየመጣሽ ስታንኳኪ ትናንት ይመስለኛል። አባትሽ ላሞቹን ያዘ ወይስ ገበሬ ማኅበር ወሰደበት?»

«ሁለቷን ትተውለታል እማማ።»

«ተመስገን በይ። እዚህ ደግሞ ትጠርጊያለሽ?»

አያችሁ፣ ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። ከክፉ ይልቅ የሚያምመው እንዲህ ያለው ነው፣ ሳያውቅ የሚረግጥ።

«አይ እማማ» አለች ገዲሴ አገጯን ቀና አድርጋ። «እኔ እዚህ የምጠርገው ስህተት ነው።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አልገባቸውም። አምሐ በዚህ መሀል ብቅ አለ። «እማዬ!» ብሎ ምሳ ዕቃውን ተቀበለ። እናቱ እጁን ይዘው፣ ገዲሴ እንደ በሩ መቃን የቆመች ይመስል በላይዋ ላይ፣ «በጥቅምት ወደ ሶፊያ የምትመለስበት መልስ መጣ ወይ? ለዶክተርነቱ? ለዘመድ ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ!» አሉት።

ሶፊያ። ጥቅምት። ይሄን ነገር ለሷ አንድም ቀን አልነገራትም።

ገዲሴ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። የጎማ ቆጠራዋን ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። ያ «እጠብቃለሁ» የተባለው ነገር ለካ ለሁሉም ነበር የተጻፈው።

*

በማግስቱ ከሰዓት ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ስትገባ ተሾመች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ውጭ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ «ወረቀታችን የታለ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ስለ ተሾመች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የወላይታ ሰው ናት፣ ጴንጤ ናት። ባለቤቷ ከጸሎት ቤት ተይዞ ታስሮ ነበር፤ ከወጣ ወዲህ ቤታቸው ሲዘምሩ እንኳ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ከሥሩ ነው የሚያንጎራጉሩት። ሥራዋን ካጣች የሚራቡ አራት ልጆች አሏት።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጣቴ ከዳኝ ገዴ። ከትናንት ጀምሮ ቀኑን ስመታ ይጮህብኛል። ደግሜ ስመታው ይጮህብኛል። ቀስ ብዬ ብመታው ይጮህብኛል። አንድም ትእዛዝ አልወጣ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠየቅሽም?»

«ማንን ልጠይቅ? ስጠይቅ እኮ ‹አላውቅም› ማለቴ ነው። በዚህ ጊዜ አላውቅም ያለ የት ይደርሳል?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጓድ ቸኮል መጥቶ ነበር። ‹እህል የሚጭን መኪና ያቆመ እጅ የአሻጥረኛ እጅ ነው፤ የማን ወገን እንደሆንሽም እናውቃለን› አለኝ። ዓርብ ሠራተኛው ፊት እጠየቃለሁ።»

ገዲሴ ወንበሩን ሳበች። የቀኑ መልእክት እሷና አምሐ ካልነኳቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ «ቀን ደግሞ ማን ይሳሳታል» ብለው ትተውት ነበር። እስካሁን በእንግሊዝኛ «ቀኑ ልክ አይደለም» ብቻ ይላል፤ ለምን ልክ እንዳልሆነ አይናገርም።

ነሐሴ 30 ብላ መታች። ጸጥ ብሎ ዋጠው። ጳጉሜ 2፣ ማለትም አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ቀን ብላ መታች።

«ቱት!»

ገዲሴ አፏን በእጇ ያዘች።

«እትዬ! ጳጉሜን አያውቅም!»

«ማነው የማያውቀው?»

«አለቃ ቱት ነዋ! ዓመቱ ባሥራ ሁለት ወር ያልቅ መስሎታል! ከመጣ ጳጉሜን አይቶ አያውቅም እኮ! አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እትዬ፣ አንዲትም ነገር!»

ጭቃ አልታያት፣ ድንጋይ አልመረጠች፤ እየሮጠች አምሐን ከመጋዘኑ ጓሮ አገኘችው። ስትነግረው ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። የጎማ ክምር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አሥራ ሁለት…» አለ። «አሥራ ሁለት ብዬ ነው የጻፍኩት። ስድስት ዓመት ጳጉሜ የሌለበት አገር ኖሬ፣ ጣቴ ራሱ ረሳው።»

«እንግዲያ ሂድና ለጓድ ቸኮል ንገረዋ!» አለችው። ‹አንተ› ስትለው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም ሰምተው አለፉት።

አምሐ የጎማውን ጭቃ ከእጁ ጠረገ። ከዚያ ተነሳ።

«ገዲሴ፣ እስከ ዓርብ ለማንም አትናገሪ።»

«ምን?»

«እመኚኝ። ማሽኑንም ማንም እንዳይነካው።»

ሄደ። ጆሮው ከኋላ ሲታይ ያው ትልቅ ነው፤ ግን ዛሬ የሚሰማ አልመሰላትም። ዓርብ እትዬን ያርዷታል፣ እሱ ደግሞ እስከ ዓርብ ዝም በይ ይላል! ሶፊያን ፈርቶ ነው። ጥፋቱን ካመነ ጥቅምት ይቀርበታላ! ገዲሴ ዝናቡ መሀል ቆማ ቀረች፤ ከመናደዷ ይልቅ ያመማት ያንን ሰው ማድነቋ ነበር።

*

ሐሙስ ሩፋኤል ነው። የላፍቶ ልጆች እርቃናቸውን ዝናብ ውስጥ እየጨፈሩ፣ አላፊውን ሁሉ ውሃ ይረጫሉ። ገዲሴ ተረጭታ ስትመጣ የመጋዘኑ በር ላይ ያየችውን ባላየች። አምሐ ለጓድ ቸኮል ጃንጥላ ይዟል! ራሱ እየበሰበሰ! ጓድ ቸኮል ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል።

«እርስዎ ራስዎ ቢያሳዩን ነው የሚያምረው፣ ጓድ» ሲል ሰማችው። «የእርስዎ ጣት ሲነካው ሠራተኛው ሁሉ ይማራል።»

«ልክ ነህ! ጠንቃቃ ሰው ሲመታው እንደማይጮህ አሳያቸዋለሁ!» አሉ ጓድ ቸኮል ደረታቸው ተነፍቶ፣ እና ሁለቱም የመሥሪያ ቤቱ ላዳ ውስጥ ገቡ።

ሸጣት። እትዬን ሸጣት፤ ያውም እየሳቀ፣ ያውም በጃንጥላ!

ገዲሴ ወደ ባዶው ክፍል ገባች። ከጠረጴዛው ብጣሽ ወረቀት ቀደደች። ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነበር፤

«ሰው ሲያጠፋ ‹እኔ ነኝ› ይላል። ማሽን ሌላውን ሰው ‹ተሳስተሃል› ይላል። አንተ የትኛው ነህ?»

መስታወቱ ላይ ለጠፈችውና ወጣች። ይሄ የመጨረሻው ብጣሽ ወረቀት ነው አለች በልቧ። ያን ማታ አባቷ ለሜሳ «ገዴ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ቢላት፣ «ሩፋኤል ነው አባዬ፣ ውሃ ነው» አለችው። ፊቷ ላይ ያለው ግን የዝናብ ውሃ አልነበረም።

*

ዓርብ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሰው አልበቃው ብሎ ሾፌሮቹ በመስኮት ተንጠለጠሉ። ተሾመች ከፊት ለፊት ለብቻዋ ቆማለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል ሁሉም ያውቃል። ገዲሴ ሄዳ ጎኗ ቆመች። ማንም ቁሚ አላላትም። መስታወቱ ላይ የለጠፈችው ወረቀት የለም። አምሐ ጥግ ላይ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ አያያትም።

ጓድ ቸኮል ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ጓዶች! ወገን እህል እየጠበቀ፣ የዚች ሴት እጅ መኪናዎቻችንን በጭቃ አቁሟቸዋል። ጣቴ ነው ትላለች። ጣት ነው ወይስ ዓላማ? አሁን እኔ፣ ታይፕ ተምሬ የማላውቅ ሰው፣ በጥንቃቄ እመታለሁ። ተመልከቱ!»

ተቀመጡ። በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ ለቀም ለቀም አደረጉ። ጳጉሜ 4።

«ቱት!»

መስኮቱ ላይ አንዱ ሾፌር ሳቁን ሊያፍን ሲል አስነጠሰው። ጓድ ቸኮል ፊታቸው ተለዋወጠ። መስታወቱ ላይ ግን የተለመደው አጭር እንግሊዝኛ አልነበረም። ረጅም ነው፣ ሱሪ የለበሰው አማርኛ ነው። ጓድ ቸኮል «ይ… ቅ… ይቅር…» እያሉ ተገቱ።

«ልጅቷ ታንብበው!» አለ አንድ ሾፌር።

ገዲሴ ጎንበስ አለች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያሳለፈች ማንበብ ጀመረች።

«ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ጳጉሜ 4 ትክክለኛ ቀን ነው። ጳጉሜን የማላውቀው እኔ ነኝ። ያላስተማረኝም አምሐ ነው። ቀኑ እንዲገባ ‹ኤ› የምትለዋን ፊደል ይጫኑ።»

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረ። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይመታል።

ከዚያ አምሐ ከጥጉ ወጣ። ያ ዓይኑን ሰብሮ የሚሄድ ሰው ዛሬ ቀና ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፕሮግራሙን ስጽፍ አሥራ ሦስተኛውን ወር ረሳሁ። እትዬ ተሾመች ከማክሰኞ ጀምሮ ትክክለኛውን ቀን ስትመታ ነበር። ያጠፋሁት እኔ፣ የተጮኸባት እሷ ናት። መኪናዎቹንም ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

ገዲሴ አሁን ገባት። ያኔውኑ ቢናገር፣ «ለጴንጤዋ ሊሸፍን ነው» ይባል ነበር። ዝም ብሎ ቢጠግነው ደግሞ፣ ዛሬ ጓድ ቸኮል ሲመቱት ማሽኑ ይቀበላቸዋል፣ ተሾመችም ለዘላለም አሻጥረኛ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ጥፋቱን ባለበት ተወው፤ ተወውና ጥፋቱን ራሱን አፍ አስከፍቶ የማን እንደሆነ አስነገረው! በመኳንንቱ ልጅ ስም፣ በሶፊያው ምሁር ስም፣ በገዛ ስሙ። ጃንጥላውም፣ ሳቁም ለዚህ ነበር። አቤት! ሰው ስሙን ሥራው ላይ ሲጽፍ አይታለች፤ ስሙን ጥፋቱ ላይ የጻፈ ሰው ግን ገና ማየቷ ነው።

ጓድ ቸኮል ጣታቸው አየር ላይ ቀርቷል። ቢጫኑ ተሾመች ነፃ ናት፤ ባይጫኑ መኪናውን ያቆሙት እሳቸው ሊሆኑ ነው።

«ይጫኗት እንጂ ጓድ! ጎማዬ እየጠበቀኝ ነው!» አለ ያ ያስነጠሰው ሾፌር።

ተጫኗት።

ማተሚያው ክርርር ብሎ ተነሳ። ወረቀት ይተፋ ጀመር። መስኮቱ ላይ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። «መሪ እንዲህ ነው! በአንዲት ጣት!» ይላል ሾፌሩ፣ ከልቡ ይሁን ከተንኮሉ እግዜር ይወቅለት። ጓድ ቸኮል ሳያስቡት ክራቫታቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ከተጨበጨበላቸው በኋላ ማንን ይክሰሱ?

ተሾመች ዓይኗን ጨፍና፣ ሬዲዮ ሳይከፈት፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ «ጌታ ይባረክ» አለች። ሁሉም ሰማ። ሁሉም ያልሰማ መሰለ። ከዚያ አምሐን እንደ ልጇ አንገቱን ይዛ ጉንጩን ሳመችው።

ጓድ ቸኮል ሲወጡ አምሐ ጆሮ አጠገብ ቆም አሉ።

«የአንተ ቅጣት በጽሑፍ ይደርስሃል። ሶፊያን ግን ከአሁኑ እርሳት።»

አምሐ አንገቱን ነቀነቀ። ገዲሴ ያችን አንገት ስትነቀነቅ አይታ፣ ለሁለት ቀን ያከማቸችው ቁጣ ሁሉ ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሆነ።

*

ከበሩ ሲወጣ ተከተለችው። ካፊያ ነው። መኪናዎቹ እየተጫኑ፣ ሾፌሮቹ እየተሳደቡ፣ ግቢው ገበያ መስሏል። አምሐ ከሸሚዝ ኪሱ ብጣሿን ወረቀት አወጣ፤ ቀለሙ ትንሽ ፈሷል።

«መልሴ ደረሰሽ?» አላት።

«ደረሰኝ» አለች። «ብነግርህ የሚሻል ነገር አለ። ትናንት በልቤ ሰድቤሃለሁ፤ ብዙ ነው የሰደብኩህ።»

«አውቃለሁ። ጽሑፍሽ በጣም ቀጥ ብሎ ነበር።»

ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ አለቀሰች፣ ተናደደችና አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ሶፊያ ቀረችብህ።»

«ቀረች። እናቴ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች፣ እሱ ነው የሚከብደው።» እግሩን ጭቃው ላይ አሸ። «ልነግርሽ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። ‹አትሂድ› ካልሽኝ መሄድ እንደማልችል ስለማውቅ። ያ… ‹እጠብቃለሁ› የሚለው…»

«ለእትዬ ተሾመችም ብለኸዋል።»

«ለሁሉም ነው የጻፍኩት። ለሁሉም እንዲደርስ የጻፍኩት ግን ላንቺ ደፍሬ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።»

ከዚያ ያ ማሽን የሚያናግር ሰው፣ ስንት መልእክት አሳጥሮ፣ አስተካክሎ፣ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው፣ ዝናብ ላይ፣ መኪና ጥሩምባ እየነፋበት፣

«ገዲሴ፣ አግቢኝ» ብሎ ቁጭ!

ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር «ቱት!» አለ። ግን የለሜሳ ልጅ ናት። አገጯን ቀና አደረገች።

«አይሆንም።»

አምሐ እስከ ትልቁ ጆሮው ድረስ ደረቀ።

«እንዲህ አይሆንም ነው የምልህ፣ ልጨርስ እንጂ! ጥያቄው ትክክል ነው። ጥፋቱም የአንተ አይደለም፣ ያላስተማሩህ አሉ። የሳትከው በሩን ነው። የለሜሳ ልጅ መንገድ ላይ አትጠየቅም። ፉሪ ትወጣለህ፤ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍክ ባሕር ዛፎቹ ጋ በቀኝ ትታጠፋለህ። ጃርሳ ይዘህ ና፣ ሽማግሌዎችህን፤ አባቴ የሚያውቃቸው ቢሆኑ ይሻላል። እናትህም ይምጡ።»

«እናቴ…»

«አውቃለሁ። የእናንተ ግቢ ሁለት በር አለው፤ እኔ ልጅነቴን ሙሉ በኋለኛው ነው ወተት ያስገባሁት። የእኛ ቤት ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እማማ ጸሐይወርቅም ሲመጡ በሱ ነው የሚገቡት። እኔም ስወጣ በሱ ነው የምወጣው።»

አምሐ አያት። ሲያያት፣ ከዚያ ከሻይ ብርጭቆው ጀርባ ሲያያት እንደነበረው ነው፤ አሁን ግን መስኮት የለም፣ ሻይም የለም።

«ምን እንደሆነ ነገርሽኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የቱ ጋ እንደሳትኩ አሳየሽኝ፤ ቀጥሎ ምን እንደማደርግም ነገርሽኝ።»

«ደግሞም አልሰደብኩህም።»

«አልሰደብሽኝም።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀነሰ። «እናቴ ቶሎ እሺ ባትልስ?»

ገዲሴ ወደ ፉሪ መንገድ ፊቷን አዞረች። ጥቂት ከተራመደች በኋላ፣ ዞር ሳትል፣

«ችግር የለም» አለችው። «እጠብቃለሁ።»

ላፍቶን አልፋ፣ ዳገቱን ጨርሳ፣ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ሲታያት ነው ወደ እግሯ ያየችው። ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። ጭቃው ማሰሪያውንም ውጦታል። እንዲህ አድርጎ ጫማ የቆሸሸባት ቀን አልነበረም፤ እንዲህ ደስ ያላት ቀንም አልነበረም።